የአማቴን ስም የጮህኩበት ገደል

እኔ እንደዚህ ዓይነት ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ጠጥተህ ነበር?" ብዬ ነው፣ ዲላ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርላችኋል። ጎረቤቴ አንዴ ጓሮዬ ውስጥ ነጭ ነገር ቆሞ አየሁ ብላ ሰፈሩን ስታተራምስ፣ ሄጄ ያንን ነጭ ነገር ከእንሰቱ ላይ አውርጄ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ነው የመለስኩላት፣ የራሷ የውስጥ ልብስ ነበር፣ ነፋስ ወስዶባት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ሰው የሌለበት ድምፅ፣ ጥላ፣ ምናምን የሚባለው ነገር ሁሉ ለእኔ የፈሪ ሰው ሥራ ነበር። ይሄን አሁን የምነግራችሁን እኔ ራሴ ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው፣ ግን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፣ የደረሰው በእኔ ነው፣ እና እመኑኝ፣ ትዝ ሲለኝ አልስቅም፣ ፊቴን ነው የምሸፍነው።

ፊደል ስላልቆጠርኩ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ጽጌ ናት፣ እሷም እዚያው ነበረች፣ ጨመር ላድርግ ብል ታቆመኛለች። አንድ ነገር ብቻ እንዳትጽፍ አስምያታለሁ፣ እሱም አንድ ስም ነው።

በእኛ በጌዴኦ ወግ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ሰውዬው በሕይወት ቢኖርም ቢሞትም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ አጀማመሩ ከስሙ ጋር የሚመሳሰል ቃል እንኳ ካለ ዞር ብላ በሌላ ቃል ነው የምትለው፣ የእኔ አማት ስም ደግሞ መከራዬን ነው ያሳየኝ፣ በጌዴኦኛ ግማሹ የማጀት ዕቃ አጀማመሩ እንደሱ ስም ነው፣ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ጊዜ ዕቃ አምጪ ስባል እንጂ አምጡልኝ ማለት አልችልም ነበር፣ በእጄ ነበር የምጠቁመው። ምላሴ ያረፈው ዲላ ገብተን ገበያ ላይ አማርኛ የለመድኩ ጊዜ ነው።

እና ልብ በሉ፣ እኔ አፌ ማንንም የሚምር አይደለም። የቀበሌ ሊቀመንበሩን በፊቱ፣ ፓስተሩን በፊቱ፣ ባሌንማ በፊቱም በኋላውም እናገረዋለሁ። ያንን ስም ግን አንድም ቀን። የባሌ እናት ልትሞት ስትል የቤተሰቡ ሴቶች ባሉበት "ይቺ ምላሳም ያልተናገረችው ነገር የለም፣ ያንን ስም ግን በአፏ አላስገባችውም" ብላ መርቃኛለች። በሕይወቴ ንጹህ አድርጌ የያዝኩት ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጭቃ ነክቶታል።

ታዲያ የእኔ ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያ ወንድ ልጁ ሲወለድ አባቱን ደስ ላሰኝ ብሎ ያንኑ ስም ሰጠው። እኔ አያቱ የልጅ ልጄን መጥራት የማልችል ሆንኩ። ሕፃኑን ሳየው ድብልብል ያለ ነው፣ ቀላ ብሎ፣ ከመሬት አሁን የተነቀለ ድንች ነው የሚመስለው፣ "ድንቼ" አልኩት፣ በዚያው ቀረ። እናቱም ድንቼ፣ ሰፈሩም ድንቼ፣ ትምህርት ቤት እንኳ አስተማሪው ድንቼ ይለው ነበር። አድጎ እንደ ቀርከሃ ረዝሞ ቀጥኖም ድንቼ ነው። እውነተኛ ስሙን ግን ሁሉም ሰው ቢፈልግ ይጠራዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማልጠራው።

ያ ክረምት እንግዲህ ድንቼ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅበት ነበር። የተማረው ቱሪስት ማስጎብኘት ነው፣ ባሌ ተራራ ላይ ያለው ፓርክ አስጎብኚ ይፈልጋል ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፣ ፈተና አለው። አንድ ቀን መጥቶ "አያቴ፣ አጎቴ መኪናውን ቅዳሜና እሁድ ይሰጠኛል፣ መለማመድ አለብኝ፣ አንቺ ቱሪስት ትሆኛለሽ" አለኝ።

"ቱሪስት ምን ያደርጋል?"

"ምንም። ምንም እንደማታውቂ ሆነሽ መጠየቅ ብቻ ነው።"

"እሱማ አይከብደኝም" አልኩት።

ባሌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማን ነበር። "ተራራ ለማየት ነው የምትሄጂው? ተራራ ላይ አይደል እንዴ የተወለድሽው?"

"ያኔ እንጨት ተሸክሜ ነው ያየሁት፣ አሁን ቁጭ ብዬ ላየው ነው" አልኩትና ተነሳሁ።

እንዴት ያለ ክረምት ነበር። እኔ፣ ድንቼና ጽጌ፣ ቅዳሜ በጠዋት ወጥተን እሁድ ማታ እንገባለን። ነጭ ሳር ሄደን የሜዳ አህያ አየን፣ ያንን ሁሉ አህያ ያለ ጭነት ሲዝናና ሳይ የገበያችን አህዮች አሳዘኑኝ፣ ድንቼ ስለ ሣሩ ሲያስረዳ እኔ "ባለቤታቸው የት ሄዶ ነው?" እያልኩ አላስጨርሰውም። ሻላ ሐይቅ ዳር ያለው ፍል ውሃ ውስጥ ደግሞ ከቤት ይዤ የሄድኩትን ድንች በፌስታል አስሬ ነከርኩ፣ በሰለ፣ ድንቼ "ሌላ ቱሪስት እንዲህ አያደርግም" ብሎ ተቆጣ፣ ሲበላ ግን አንደኛ እሱ ነበር። የባሌ ተራራን ብርድ ፈርታ ጽጌ የድንቼን ሱሪ አስለበሰችኝ። ሱሪ ለብሼ አላውቅም። እግሬ ሁለት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፣ እንደዚያ ነው የተሰማኝ፣ ከዚያ በኋላ አውልቂው ብትሉኝ እንቢ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የገደል ማሚቶን ነው። ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ፣ ግን ከማገዶ ስር ሆኖ ማን ይጫወታል። ሻላ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ "ድንቼ!" ብዬ ጮህኩ፣ ድንቼ... ንቼ... ንቼ ብሎ መለሰልኝ። "አንተ ራስህ ድንች" አልኩት፣ አንተ ራስህ ድንች አለኝ። "ባለጌ" አልኩት፣ ባለጌ አለኝ። ጽጌ መሬት ላይ ተንከባላ ስትስቅ እኔ እውነቴን ተናደድኩ፣ በዕድሜዬ ተጣልቼ የመጨረሻውን ቃል ሳልናገር የቀረሁት ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የትም ስንሄድ መጀመሪያ የማደርገው እሱን መሳደብ ነው፣ ስድቡ ሲያልቅብኝ ደግሞ "ድንቼ" እያልኩ ስጠራው እውላለሁ። ያገራችን ተራራ ሁሉ የድንቼን ስም ከእኔ አፍ ተምሮታል።

ባሌ ተራራ ላይ ያደርን ጊዜ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ድንቼ እንዲህ አለኝ፦ "አያቴ፣ ሥራውን ካገኘሁ እዚህ ነው የምኖረው። ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን ስሜን ጥሪኝ። የራሴን ስም። ሰው ሁሉ ይጠራኛል፣ አንቺ ስላልጠራሽኝ ግማሽ ስም ያለኝ ነው የሚመስለኝ።"

"አማቴ ተነስቶ 'አቤት' ቢለኝ ምን እለዋለሁ?" አልኩት።

ጽጌ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰ። ልቤን ነካው፣ ግን እኔ ልቤን ሲነካው የማደርገው ቀልድ መጨመር ነው፣ ጨመርኩበት፣ አለፈ።

የመጨረሻው ጉዞ ሩቅ አልነበረም። ድንቼ "የሰውን አገር እያየን የራሳችንን ተውነው፣ ከገደብ ከተማ በላይ ያለውን ላሳያችሁ፣ ፏፏቴም አለ አሉ" አለ። ከገደብ በላይ ማለት የአማቴ አገር ነው። ሙሽራ ሆኜ የገባሁት እዚያ ነው። ባሌ ይሄን ሲሰማ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ፣ "እዚያ ከሄድሽ ተከናነቢ። ያንን ሱሪሽንም እዚሁ ተይልኝ፣ የአባቴ አገር ነው" አለኝ። እንደ መለመን አድርጎ ነው ያለኝ፣ አልተቆጣም። "እሺ" አልኩት። ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ሱሪው ከቀሚሱ ሥር ነበር።

መንገድ ላይ ያለችውን ዱመርሶን ስናልፍ መኪና ውስጥ ቀሚሴን አውልቄ ወደ ኋላው ወንበር ወረወርኩት፣ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቅሁት፣ የድንቼን ኮፍያ ነጥቄ ራሴ ላይ ደፋሁ። ጽጌ በሞባይሏ ፎቶ አነሳችኝ። "አያቴ ፈታ ብለሻል" አለችኝ። ይርጋጨፌ ሻይ ለመጠጣት ስንወርድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ደስ አለኝ። አያችሁ ሞኝነቴን።

ከገደብ ወጥተን ጥርጊያው መንገድ እስከሚያልቅበት ሄድን፣ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ፣ መኪናውን እሱ ሥር አቆምነው። ከዚያ በእግር ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሣሩ እርጥብ፣ በአንድ በኩል ቀርከሃ፣ ከሜዳው ማዶ ገደሉ። ገደሉ ጥልቅ ነው፣ ሥሩ አይታይም፣ ውሃ ብቻ ይሰማል። ላስቲክ አንጥፈን ቆጮና ጎመን በላን፣ ዳቦና ሻይም ነበረን። እንደ ልማዴ ተነስቼ ገደሉ ጋ ሄጄ "ድንቼ!" አልኩት።

ዝም።

ደግሜ ጮህኩ። ዝም። "ምን ዘጋህ፣ አንተ ደንቆሮ" አልኩት። ምንም የለም። ድምፄ ከአፌ ወጥቶ እንደ ጥጥ እዚያው ወደቀ።

"አየሩ ሲከብድ ድምፅ ይዋጣል" አለ ድንቼ፣ የተማረውን። "ጉም ሊመጣ ነው። እኔ የፏፏቴው መንገድ ለሰው ይሆን እንደሆነ ቶሎ አይቼ ልምጣ፣ እናንተ ከዚህ እንዳትነቃነቁ።" በቀርከሃው ጥግ ሄደ። እኔ ዳቦዬን ይዤ ላስቲኩ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ገና አልመሸም፣ ይሄን ልብ አድርጉልኝ፣ ብርሃን ነበር።

ከዚያ ጉሙ መጣ። ከላይ አይደለም የመጣው፣ ከገደሉ ነው የወጣው፣ ወተት ሲገነፍል አይታችኋል፣ እንደዚያ ጠርዙን ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ዝግባውን አጣነው፣ ቀርከሃውን አጣነው፣ የራሴን ጫማ በደንብ አላየውም። የሆነ ቦታ የላም ቃጭል ይሰማ ነበር፣ እሱም ድንገት ቆመ፣ ሰው በእጁ እንደያዘው።

"ድንቼ።"

ጽጌ የሻዩን ፔርሙስ እየከደነች "አያቴ፣ ምን ትጠሪዋለሽ፣ ራሱ ይመጣል እኮ" አለችኝ።

"እኔ? አፌ ሙሉ ዳቦ ነው።"

ተያየን። ጽጌ ሳቀች። "ቅድም የጮህሽው ነዋ። ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣ አሁን ገና ነው የደረሰው።" እኔም ሳቅሁ፣ ዳቦውን ግን ላስቲኩ ላይ አስቀመጥኩት።

ድምፁ እንደገና መጣ። መጀመሪያ ያቺ የምትጠራው ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እኔ ሰው ስጠራ እንደማደርገው፣ ሁለቴ እህ እህ ብላ፣ ከዚያ በእኔ ድምፅ፣ በዚሁ በሻካራው ድምፄ፣ "ድንቼ፣ ና ወዲህ" አለች።

እኔ "ና ወዲህ" ብዬ አልጮህኩም። በዚያ ክረምት በአንዱም ገደል ላይ "ና ወዲህ" አላልኩም። ገደል ማሚቶ የሰጡትን ይመልሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም፣ ይሄን ያልተማርኩት እኔም አውቃለሁ።

"መጣሁ አያቴ" አለ ድንቼ ከጉሙ ውስጥ። እግሩ ቅጠል ሲረግጥ ይሰማናል። ወደ እኛ አይደለም የሚመጣው፣ ወደ ድምፁ ነው።

ተነሳሁ።  ገደሉ በዚያ በድምፁ በኩል ነው ብዬ በአማቴ አጥንት እምል ነበር፣ ልጁን ወደ ገደሉ እየጠራችብኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። የጽጌን እጅ ይዤ መኪናው አለ ወዳልኩበት፣ ደህና ነው ወዳልኩበት፣ እየሄድኩ ጮህኩ፦ "ድንቼ፣ እኔ እዚህ ነኝ!"

"ድንቼ፣ እኔ እዚህ ነኝ" አለች ከማዶ። አልጮኸችም እሷ። ረጋ ብላ ነው።

"ወደዚያ እንዳትሄድ!"

"ወደዚያ እንዳትሄድ።"

"አያቴ" አለ ድንቼ፣ "የቱ ጋ ነሽ? ሁለት ቦታ ነው የምትጠሪኝ።"

የምለውን ሁሉ ትላለች። የእናቱን ስም ጠራሁ፣ ጠራች። ሕፃን ሆኖ የማባብልበትን ነገር አልኩ፣ እሷም አለችው፣ እንዲያውም ከእኔ አሳምራ። ምን ብል ነው እኔ እኔ መሆኔን የሚያውቀው? ጽጌ እጄን ጨምድዳ "ስሙን፣ አያቴ፣ ስሙን ጥሪው፣ እሱን አላስተማርሻትም" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ በየተራራው ያላስተማርኩት አንድ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

እንዴት ልንገራችሁ። ሰው ራቁቱን አደባባይ ሲወጣ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ያንን ሁሉ ዓመት ጥርሴ ውስጥ ዘግቼ የያዝኩትን፣ የባሌ እናት የመረቀችኝን፣ በአማቴ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሜዳው፣ ሱሪ ለብሼ ኮፍያ ደፍቼ፣ ጮህኩት። አጥርቼ ነው የጮህኩት፣ ምላሴ ሲያውቀው ገረመኝ፣ ሁልጊዜ ሲለማመደው የኖረ ይመስል።

ያቺ ዝም አለች። አልደገመችውም። ቆየሁ፣ አልደገመችውም። አንድ ጊዜ፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ፣ አሸነፍኳት አልኩ፣ የመጨረሻውን ቃል አገኘሁት አልኩ።

ከዚያ የድንቼ እግር ተሰማ። እየራቀ።

ደግሜ ስሙን ጠራሁ። እግሩ ፈጠነ። ሦስተኛ ስጠራው ሮጠ፣ ስሙን በጠራሁት ቁጥር ከእኔ ይሸሻል፣ እያለቀስኩ ጠራሁት፣ እየለመንኩ ጠራሁት፣ ከማዶ እሷ አንዴ ብቻ፣ እህ እህ ብላ፣ "ድንቼ" አለችው፣ በቃ። የመኪና በር ድው ሲል ሰማን።

"አያቴ አትንቀሳቀሺ" አለች ጽጌ። ድምፅ አልነበራትም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። "እግርሽን እዪ።"

ጉሙ ሳሳ ብሎ ነበር። ከጫማዬ ፊት ሣሩ አልቋል። ተረከዜ መሬት ላይ ነው፣ ጣቶቼ ምንም ላይ አይደሉም። ገደሉ ያለው በእሷ በኩል አልነበረም፣ በእኛ በኩል ነው። ድንቼ ከነበረበት ተነስቶ ስሙን ወደጠራው ድምፅ፣ ወደ እኔ፣ ቀጥ ብሎ ቢመጣ ኖሮ፣ በመካከላችን የነበረው ገደሉ ነው፣ መሬት አልነበረም።

በአራት እግራችን ዳዴ እያልን ወደ ኋላ ወጣን። ሱሪው ለዚያ ጠቀመ፣ ለሌላ አልጠቀመም።

ዝግባው ሥር ስንደርስ ድንቼ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። የኋላው በር ተከፍቷል፣ ሁልጊዜ ለእኔ እንደሚከፍተው። አየኝ። ከዚያ ዞሮ ወደ ኋላው ወንበር አየ። ከዚያ እንደገና እኔን።

"አሁን አልገባሽም እንዴ?" አለኝ።

"የት?"

"ከፊቴ ነበርሽ። ከቀርከሃው እስከ መኪናው ድረስ ከፊት ከፊቴ ስትሄጂ ነበር፣ ቆይ አያቴ ስልሽ አልዞርሽም። በሩን ከፈትኩልሽ። ተከናንበሽ ነበር።"

"እኔ ኮፍያ ነው ያደረግሁት።"

"አሁን ነው ያየሁት" አለ።

"ታዲያ ስጠራህ ለምን አልመጣህም? ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጠራህ?"

"አያቴ ስሜን አትጠራም። ስሜን የሚጠራ ድምፅ ስሰማ፣ ይሄ አያቴ አይደለም አልኩ። ሮጥኩ።"

  ልገባ ስል የኋላው ወንበር ላይ ያ የወረወርኩት ቀሚሴ አለ። ተጣጥፏል። እጥፋቱ ትክክል ነው፣ ጠርዝ ከጠርዝ፣ በአማቶቼ ቤት ሙሽራ ሆኜ ማጣጠፍ እንደተማርኩት ዓይነት። "አንተ ነህ ያጠፍከው?" አልኩት። "አይ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጽጌ ከእኔ ጋር ነበረች። ቀሚሱን ከሱሪው በላይ ለበስኩት፣ ኮፍያውን አውልቄ ነጠላዬን ተከናነብኩ። እኔ ሳልናገር ዲላ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ባሌ በረንዳው ላይ ነበር። "ምን አያችሁ?"

"ጉም" አልኩት። እንደተከናነብኩ አየኝና ደስ አለው፣ በፈገግታው አወቅሁት። እራት አጠገቡ ስበላ ከአፌ ያ ስም ገና ያልወጣ፣ ጥርሴ ላይ የተጣበቀ ይመስለኝ ነበር።

ድንቼ ፈተናውን አለፈ። ሊሄድ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ምሳ በላ፣ የገደብ ዘመዶችም መጡ። ከምሳ በኋላ ባሌ ተነሳ። ሲናገር አይታወቅም እሱ፣ ያን ቀን ግን ተነሳ። የልጅ ልጁን መረቀና ወደ እኔ ዞረ። "ይህን ስም የተሸከመ ልጅ በዚህ ቤት አደገ" አለ፣ "ይህቺ ሴት አንድም ቀን በአፏ ሳታነሳው አሳደገችው። አባቴን ከእኔ ከልጁ በላይ ያከበረችው እሷ ናት። ሁላችሁም ምስክር ሁኑ።" ከገደብ የመጡት አሮጊቶች እልል አሉ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጽጌ ሳህኗን ታያለች። ድንቼ ሳህኑን ያያል። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አጥቼ አላውቅም፣ ሲያመሰግነኝ ግን ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ዘመዶቹ አንገቴን መድፋቴን አይተው ትሕትና መሰላቸው፣ ይባስ አመሰገኑኝ። ሐፍረት እንዴት እንደሚሞቅ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጆሮ ነው የሚጀምረው።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሲሞላ አሰብኩ፣ ስሙ ያው ረክሷል፣ አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ቢያንስ ልጁ የለመነኝን ልስጠው፣ ግማሽ ስም ይዞ አይሂድብኝ። አንገቱን ጎትቼ ጆሮው ሥር ገና ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ገባው፣ መዳፉን አፌ ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ ነው፣ እንደ ሕፃን።

"እሱን ተይው አያቴ። በእሱ ስትጠሪኝ እግሬ ወደ ኋላ ይሄዳል።"

"እኔ እኮ ነበርኩ፣ ድንቼ። የጠራሁህ እውነተኛዋ እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ" አለ። ግን እንዴት አድርጎ እንዳየኝ ባያችሁ።

አሁን ባሌ ተራራ ነው ያለው፣ ፈረንጅ ያስጎበኛል፣ ደህና ነው። ይደውልልኛል። ስልኩን ሳነሳ "ድንቼ" እለዋለሁ፣ ወዲያው አይመልስም፣ ትንሽ ያዳምጠኛል፣ ከዚያ ነው "አቤት አያቴ" የሚለው። በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ጉሮሮዬን መጥረግ ያምረኛል፣ አልጠርግም። ፓስተሩን በሌላ ሰው አስመስዬ ብጠይቀው እንዲህ ዓይነት ነገር የለም አለኝ፣ ጽጌ ደግሞ ድምፅ ከቀርከሃ ጋር እንዴት እንደሚጋጭ አስረዳችኝ። ቀሚሱንስ ማን አጠፈው ብላት "ትረሻለሽ፣ አንቺው ነሽ" ትላለች። እኔ አጥፌ የማስቀምጥ ሴት ብሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?

አልፎ አልፎ፣ ዝናቡ ሲያባራና ጓሮው ሲጨስ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጎመን ስቀነጥስ፣ ከእንሰቱ ወዲያ እህ እህ የሚል ይሰማኛል። በእኔው ድምፅ "ድንቼ" ትለዋለች። ረጋ ብላ። ድሮ ቢሆን አንድ ስድብ ወርውሬ የመጨረሻውን ቃል እነጥቃት ነበር። አሁን ትቼላታለሁ።

ባሌ ከውስጥ "ልጁ መጣ እንዴ? ማንን ነው የምትጠሪው?" ይለኛል።

"ማንንም" እለዋለሁ፣ ነጠላዬን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ።